የጋሼ ዘለቀ እንቅልፍ

ባለፈው ማክሰኞ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ አነበቡት። ሳቅ ይመጣል ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ላይ ሳቁ ከች አለ፤ ቀጠሮ የሰጠሁት ይመስል። ደስታው እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ። ወዲያው ግን ሌላ ሳቅ ትዝ አለኝ።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ያኔ አሥራ ሦስት ነበርኩ፤ ሰባተኛ ክፍል፣ እዚሁ አሰብ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ጋሼ ዘለቀ ይባሉ ነበር። ከጎጃም የመጡ ረጅም ሰው ናቸው፤ ግን ከበይሉል መንደር የሚመጡትን ልጆች በር ላይ በአፋርኛ እየቀለዱባቸው ነበር የሚያስገቧቸው። መምህር ስላነሰ ድርሰት የሚያስተምሩንም እሳቸው ነበሩ። ያላየሁትን ስጽፍ ያውቁብኛል፤ ደብተሬ ጠርዝ ላይ «ይህን በዓይንሽ አየሽው?» ብለው ይጽፉልኛል። ያቺን የቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ለማግኘት ስል ብቻ አንዳንዴ ሆን ብዬ እዋሽ ነበር።

አሰብን ለማያውቅ ሰው የውሃችንን ነገር መንገር አለብኝ። ግቢያችን አሸዋ ነው። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ አሸዋው ጎማውን ስለሚውጠው ዋናው መንገድ ላይ ይቆማል። እሱ በመጣ ቁጥር ትምህርት ይቋረጥና ከመንገዱ እስከ በርሜሎቹ ድረስ እንሰለፋለን፤ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የመሐንዲስ ልጅ፣ የባለሱቅ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሚባል ነገር የለም። ጋሼ ዘለቀም የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው መሃላችን ይገባሉ። «ያፈሰሰ ይዘፍናል!» ይላሉ። አብዝተው የሚያፈሱት እሳቸው ስለነበሩ አብዝተው የሚዘፍኑትም እሳቸው ነበሩ፤ ድምፃቸው ደግሞ አይጣል ነው።

በዚያ ዓመት ከሰልፉ የቀሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ወባ ይዟቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ባለው ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ያ ትኩስ ነፋስ ፊታችንን እየለበለበን! በጣሳ ውሃ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። ጥርሳቸው ከጣሳው ጋር ሲጋጭ ሰምቻለሁ።

ጎረቤታችን አቶ ደጀኔ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳሉ። ልጃቸው ሮማን መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ቤት ስትገባ በጣም ተናደዱ። አንድ ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ባለ መስመር ወረቀትና ማሩ የሚንጠባጠብ ሙሸበክ ተቀምጧል።

«ነይ እስቲ ጸሐፊዋ! የኔ ጽሑፍ እንደሆነ የዶሮ ጭረት ነው።»

«ምን ልጻፍልዎት?»

«ማመልከቻ ነዋ! ልጆቻችንን ውሃ ተሸካሚ አደረጓቸው በዪ። ትንሽ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገርም ጣል አድርጊበት።»

ያሉኝ ይህንኑ ነው። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልነገሩኝም።

ብዕሩ ሮጠልኝ። «ልጆቻችን በፀሐይ ሲቀቀሉ፣ ዲሬክተሩ ባርኔጣቸውን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጥላ ሥር ያንኮራፋሉ» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው አቶ ደጀኔ ጠረጴዛውን በጥፊ መቱት።

«አቤት አፍ! ለመሆኑ እውነት ይተኛሉ?»

አፌ ሙሸበክ ሞልቶ ነበር። ራሴን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩ። በማግስቱ ወላጆች ፈረሙበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉዳዩን የሚያጣሩ አንድ ሰው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መጡና ወላጅም ተማሪም ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ሰውየው ማመልከቻውን ጮክ ብለው አነበቡት። ብርድ ልብሱ ጋ ሲደርሱ ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ክንፍ አውጥቼ ልበርር ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያሳቅሁት እኔ ነኝ! ከዚያ ጋሼ ዘለቀን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የት እንደሚያኖሩት የጠፋቸው ይመስል ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ያዛውሩታል።

«ምን ይላሉ?» አሏቸው ሰውየው።

«ባልዲ ማቀባበላቸው እውነት ነው፤ እኔም አብሬ አቀባብላለሁ። መተኛቴን ግን ልጆቹን ይጠይቁ።»

«ልጆች፣ የሚያውቅ አለ?»

ሁሉም የወላጁን ፊት አየ። እኔ አውቃለሁ። የጣሳውን ድምፅ አውቃለሁ። እጄን ማንሳት ብቻ ነበር፤ ጭኔ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ሰውየው ወረቀቱን ሰጧቸው። «የማን ጽሑፍ እንደሆነ ይለዩታል?»

ጋሼ ዘለቀ ብዙ አዩት። ዓመቱን ሙሉ ደብተሬን ያረሙ ሰው ናቸው። «የፈረሙት ወላጆች ናቸው» አሉ። «የጻፈውን ማወቅ ምን ያደርግልናል?»

ወደ እኔ አልዞሩም። በሳምንቱ ደብተሬን ሲመልሱልኝ ጠርዙ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ሰልፉ ቀረ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ባልዲ ይዘው ብቻቸውን ይመላለሱበት ጀመር፤ በርሜሎቹም ገና በረፋዱ ይደርቁ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጋሼ ዘለቀ ጥዖ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተዛወሩ። በሚሄዱበት ጠዋት ከቤት ሮጬ ወጣሁ። ጭነት መኪናው ላይ ሻንጣቸውን ሲያስሩ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ጽሑፍሽን አላውቀውም እንዴ?» አሉ፣ ገመዱን እየሳቡ። «ትልቅ ሰው ሲያዝሽ ምን ታደርጊ።» ከዚያ ገመዱን ለቀቁት። «ያቺ የብርድ ልብሷስ? እሷንም እሳቸው ናቸው ያሉሽ?»

«አዎ» አልኩ።

ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። «ተመስገን» አሉ፤ ፀጉሬንም ዳበስ አደረጉኝ። «እኔ ደግሞ ከራስሽ ያመጣሻት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። በይ በርቺ፣ የኔ ልጅ።»

መኪናው በባሕሩ ዳር ይዟቸው ሄደ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አቶ ደጀኔ ዛሬም ጎረቤታችን ናቸው፤ ባለፉ ቁጥር «ጸሐፊዋ!» ይሉኛል፣ በስማቸው ምን እንደዋሸሁ ሳያውቁ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ቃሉ ሲገጥምልኝ ደስ የሚለኝ መሆኑ ነው።

ነገ ጠዋት ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ለአቶ ደጀኔ አነብላቸዋለሁ፤ ይቆጡኝ። ከዚያ ወደ ጥዖ እልከዋለሁ። ጋሼ ዘለቀ እዚያው እንዳሉ ሰምቻለሁ። ያቺን «ተመስገን» ያሉባትን ጠዋት ልወስድባቸው መሆኑን አውቃለሁ። በውሸት የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የምወስድባቸውም እኔው ልሁን።