የጨጓራ ነው ያልኩት ክኒን

አባቴ ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላው ድንገት ወሬኛ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ጨርቅ ቆራጭ አፉን ከከፈተ እጁ ይስታል እያለ ቤት ውስጥም በቁጠባ ነበር የሚናገረው። አሁን ግን ከገበያ ስንመለስ በየፎቁ መቆም አመጣ። አንደኛ ፎቅ ላይ የልጆቹን ትምህርት ይጠይቃል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉትን እትዬ ስለ ጉልበታቸው ይጠይቃል። የሦስተኛ ፎቅ በር ተዘግቶ ቢያገኘው እንኳ ቆም ብሎ "እነዚህ ሰዎች ጠፉ እኮ" ይላል። እኛ የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፤ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ ብቻ። ጣቶቼ በፌስታል ማንጠልጠያ ሊቆረጡ ደርሰው ከኋላው ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

"አባዬ፣ ደህና ናቸው። ትናንትም ደህና ነበሩ" እለዋለሁ።

ትዕግሥት የለኝም። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ያለችኝን ትዕግሥት ለተማሪዎቼ አከፋፍዬ ጨርሼ ነው ቤት የምገባው። ለአባቴ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው።

ሌላም ነገር ነበር፣ እያየሁ ያላየሁት። ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዙሪያውን ጎድጉዶ የሚቀር ምልክት ነበር። አንድ የነበረው ትራሱ ሁለት ሆነ፤ ቀጥሎ የሶፋውን ትራስ ጨመረበት። ጋደም ሲል ያስለዋል፣ ቀና ሲል ይተወዋል። ደረቱን በመዳፉ እያሻሸ "ይቺ ጨጓራዬ" ይላል። እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ደግሞ ብርድ ነው። እኔም ተምሬያለሁ የምለው ሴት፣ ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ በጠበጥኩለት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጫማው እግሩን አላስገባ አለው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ከሀይሌ ጋርመንት ብዙ የማይርቅ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አስተምሬያት ሊሆን የሚችል ዕድሜ። እግሩን በአውራ ጣቷ ተጭና ለቀቀችው፤ የጣቷ ቦታ እንደ ሊጥ ሰርጉዶ ቀረ። በስንት ትራስ እንደሚተኛ ጠየቀችው። ደረጃ ሲወጣ ያርፍ እንደሆነም ጠየቀችው።

"አላርፍም" አለ አባቴ። "ሰላም ነው የምላቸው።"

"ሰላም የሚሉት ሰው ባይኖርስ?"

መሬት መሬት እያየ፣ "ያን ጊዜ የጫማዬን ማሰሪያ አጠብቃለሁ" አላት።

አንድ ዓመት ሙሉ ስቆጣው የኖርኩት ትንፋሹን በሚሰበስብበት ሰዓት ነበር ማለት ነው። እኔን ላለማስደንገጥ የጎረቤቱን ሁሉ ደህንነት ሲጠይቅ ኖሯል፤ የሱን ደህንነት የጠየቀ ግን አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ በራሴ አፈርኩ።

የዚያን ቀን እጅና እግሩ ላይ፣ ደረቱም ላይ ሽቦ አጣብቀው የልቡን ምት በረጅም ወረቀት አወጡት። ደምም ሰጠ። በቀጣዩ ሳምንት ኢኮ የሚሉትን ምርመራ ተነሣ፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ሆድ እንደሚደረገው ያለ አልትራሳውንድ ነው፣ የሚያየው ግን ልብን ነው። አጠገቡ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። የአባቴ ልብ ስትከፈትና ስትዘጋ፣ ስትከፈትና ስትዘጋ አየኋት። ሳልወለድ ጀምሮ ስትሠራ የኖረች ነገር ናት፤ አንድም ቀን አመስግኛት አላውቅም። አለቀስኩ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር አላየኝም።

ውጤቱን ለመቀበል እሱን ቤት ትተን እኔና ወንድሜ ሄድን። ደክሞታል ብለን ነው። እንዲህ ነው ደግሞ ልማዱ፤ ታማሚው ቤት ይቀመጣል፣ ፖስታውን ቤተሰብ ይከፍታል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ጢም ብሎ ተጽፏል፤ ከመሐል አንድ ቁጥር ጎልቶ ታየኝ። ሠላሳ አምስት ከመቶ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሠላሳ አምስት ከመቶ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። አባቴ ወድቋል ማለት ነው።

ሐኪሟ ብዙ ነገር አስረዳችን። የልብ ድካም ነው አለችን፤ ልቡ ደም የመግፋት አቅሟ ቀንሷል፣ እግሩ ያበጠውና ሲተኛ የሚያስለው ውሃ ስለሚጠራቀምበት ነው አለችን። ክኒኖቹ በየቀኑ ይዋጣሉ፣ ቢሻለውም አይቋረጡም፣ ጨው ይቀነስ፣ በሚቀጥለው እሱ ራሱ ይምጣ አለች። ይህን ሁሉ ብላ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር።

ግቢው ውስጥ ከግንቡ ጥግ ቆመን ከወንድሜ ጋር ተማከርን። እሱ ጎፋ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ ከኔ ይልቅ የተረጋጋ። እንዳትነግሪው፣ ልብ ነው ስትይው በድንጋጤው ይሄዳል አለኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ሁለታችንም ከፍቅር በቀር ምንም አልነበረንም፤ ይህን ዛሬም እምላለሁ። ግን ለሰው ፍቅር ብቻ መስጠት አይበቃም፤ ይህን ኋላ ነው የተማርኩት።

ቤት ስገባ ክኒኖቹን ከካርቶናቸው አውጥቼ በትንንሽ ፌስታል አደረግኳቸው።

"ልብህ ንጹሕ ነው አባዬ" አልኩት። "ያልከው ነው፤ ጨጓራ ነው።"

"አላልኳችሁም?" ብሎ ደስ አለው። ሽንት የሚያበዛውን ክኒን ምንድነው ቢለኝ ጨጓራን የሚያጥብ ነው አልኩት። እንዲህ ያለ ውሸት ከየት እንደመጣልኝ እኔም ገረመኝ።

መጀመሪያ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ራሴ በውሃ አቀርብለት ነበር። በሁለት ሳምንት የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ የሶፋው ትራስ ወደ ሶፋው ተመለሰ፣ ደረጃውን ሲወጣ ሰላምታው አጠረ። የፈተና ሰሞን ሲመጣና እኔ በጠዋት መውጣት ስጀምር፣ ራሱ ይዋጥ ብዬ ተውኩት። ዋጥክ ወይ ስለው "ለሱ አታስቢ" ይለኛል። እኔም አላሰብኩም።

አንድ ረፋድ ክፍል ውስጥ እያለሁ ስልኬ ደጋግሞ ጠራ። የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ናቸው። አባትሽ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፣ መናገር አቅቷቸዋል አሉኝ። ልጆቹን ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ አደራ ብዬ እንዴት ታክሲ እንደያዝኩ አላስታውስም። ስደርስ ጎረቤት ተረባርቦ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክሞ አውርዶታል። ከንፈሩ ጠቁሯል። እግሩን አየሁት፤ ካልሲው ተወጥሮ ሊፈነዳ ደርሷል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ኦክስጂን አደረጉለት፣ ውሃውን የሚያስወጣ መርፌ ወጉት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ ተመልሶ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ ሳለ ያቺው ሐኪም መጣች። ክኒኖቹን እንዴት ይወስዱ ነበር ብላ እሱን ጠየቀችው። እኔ አልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ።

"ሲያቃጥለኝ ነዋ" አላት በቅንነት። "የጨጓራ መድኃኒት ሳያቃጥል ይዋጣል እንዴ?" ያቺን ሽንት የምታስቸኩለዋን ደግሞ ለቅሶ ቤት ሲሄድ እንደሚተዋት፣ ከተሻለው ወዲህ ጭራሽ እንዳልነካት ነገራት። የሁለተኛ ፎቋ እትዬም ጨጓራ ስላለባቸው ሁለት ፍሬ እንደሰጣቸው ጨመረላት። እሳቸው ቀኑን ሙሉ ከሽንት ቤት ሳይወጡ እንደዋሉ ኋላ ነው የሰማሁት፤ እግዜር አተረፋቸው፣ ከዚያ የባሰ አልደረሰባቸውም።

ሐኪሟ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እሱም አየኝ።

አባቴ ምንም አልተሳሳተም ነበር። የነገርኩትን አምኖ፣ አገር ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት እንደሚወስደው ወሰደ። ልገድለው ምንም ያልቀረኝ እኔ ነኝ፣ እንዳይደነግጥብኝ ብዬ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኩት፤ ልብህ ነው አልኩት፣ ሠላሳ አምስት ከመቶ ነው አልኩት፣ ፈርተን ነው አልኩት።

ይቆጣኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጨርቅ ሲመርጥ እንደሚያደርገው ብርድ ልብሱን በጣቱ ደባበሰ።

"እናትሽን ዋሽቻት ነበር" አለኝ። "የሷ ሐኪም የነገረኝን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ስትጠይቀኝ ትድኛለሽ አልኳት። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተወች። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር ይኖራል፤ እሷም እንዳይከፋኝ ብላ ይሆናል፣ ይዛው ሄደች። እኔን እንደዚያ አታድርጉኝ፣ ልጄ።"

እናቴ ስትታመም ውሸቱን ያስጠናን እሱ ነበር። ጎበዝ አባት ነው ብዬ ነበር ያኔ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት፤ ከፋብሪካው ዘመን የቀረው መቀስ ያደነደነው አውራ ጣቱ እንደዚያው ሻካራ ነበር።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና አስረዳች፣ በዚህ ጊዜ ለሱ። ጤነኛ ልብም ቢሆን በውስጧ የያዘችውን ደም በአንድ ምት ሙሉውን አትገፋም አለችው፤ ከግማሽ በላይ ትገፋለች፣ ሃምሳ አምስት፣ ስልሳ፣ ወይ ትንሽ ከዚያ በላይ። የእርስዎ ሠላሳ አምስት ትገፋለች፤ ስለዚህ ደክማለች እንጂ አልቆመችም፣ መድኃኒቱ የሚያግዛት እሷን ነው አለችው።

"መቶ የምታመጣ ልብ የለችም ማለት ነው?"

"የለችም።"

ወደ እኔ ዞረ። "መምህርት፣ ሰማሽ? ፈተናው ከመቶ አይደለም" አለኝ። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ቁጥሩ ከስንት እንደሆነ ሳልጠይቅ አባቴን ጥዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ክኒኖቹ በካርቶናቸው፣ የልብ ተብለው ይቀመጣሉ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ሚዛን ላይ ይወጣና ኪሎውን ደብተር ላይ ይጽፋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ ውሃ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ይደወላል፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ሳይብስበት ደርሰንበታል። ሽሮው አልጫ ሆኗል፤ ጨው የሌለው ወጥ ቅጣት ነው እያለ ይበላዋል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ያቺን ክኒን አይተዋትም፤ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ለወንድሜም ደውሎ ራሱ ነገረው። ምን እንዳለው አላውቅም፤ ወንድሜ በማግሥቱ መጥቶ ጉልበቱን ሳመው።

በስድስተኛው ወር ኢኮው ተደገመ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ስሙን ጠርታ ፖስታውን ለኔ ዘረጋች። ባለቤቱ እሱ ነው አልኳት። መነጽሩን አድርጎ ከፈተው። እንግሊዝኛውን አያነብም፤ ቁጥሩ የትኛው መስመር ላይ እንደሚገኝ ግን ሐኪሟን ጠይቆ ተምሯል። አየው፣ አጠፈው፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ፊቱ ምንም አይነግርም። መንገዱን ይዘን ትንሽ ሄድን፤ ታክሲ የሚይዙ ሰዎች እየተጋፉ ያልፉናል።

"ልንገርሽ ወይስ ይቅርብሽ?" አለኝ።

"ንገረኝ፣ አባዬ።"

"ሠላሳ አምስት። እዚያው ናት።"

አርባ እንድትሆን ስድስት ወር ሙሉ ስለት ስሳል ኖሬያለሁ። የአስፋልቱ ዳር ላይ ቆምኩ፣ እምባዬም መጣ። ዘወር አላልኩም፣ አቧራ ገባብኝም አላልኩም። እያየኝ አለቀስኩ። ክንዴን ያዘና አልወረደችም እኮ አለኝ፤ ሐኪሟ ቁጥሯ ሳትወጣም እሱ ሊበረታ እንደሚችል እንደነገረችው፣ ይኸው በእግሩ እየሄደ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። አይዞህ አልኩት፤ እሱም አይዞሽ አለኝ። ክንዴን ሳይለቅ ታክሲ ሰልፍ ያዝን።