ጠመኔ ያልነካው ብሎን

ባሌን የሥራ ጓደኞቹ «ውሃልክ» ይሉታል። መድረክ ገጣጣሚ ነው፤ ዘፋኞች የሚዘሉበትን ብረትና ጣውላ የሚያቆም። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ዕቃ ማጠብ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ጥንቃቄው የት እንደሚገባ እንጃ። ሥራው ላይ አንድ ልማድ አለው። መጀመሪያ የመድረኩን እግሮች ብሎን ሁሉ በእጁ ብቻ ያስገባል። ከዚያ በመፍቻ እያጠበቀ ይዞራል፤ ባጠበቀው ላይ ሁሉ በጠመኔ ነጭ መስመር ያሰምርበታል። መስመር የሌለው ብሎን ለእሱ ያልታሰረ ነው።

አንድ ቀን ማታ የሙዚቃ ሽልማት በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እኔ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ፤ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ እግሩን ሳፋ ላይ ባለ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሯል። ለዘፈን ደንታ የለውም፤ የሚያየው የሠራውን ነው። በአዳራሹ መድረክ ላይ ሌላ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ያለ መድረክ አቁሞ ነበር፤ አሥራ ስድስት እግር፣ በየእግሩም አንድ ብሎን ያለው።

«ያቺ የኔ ናት» አለኝ ኮራ ብሎ።

ለዓመቱ አዲስ ባንድ ከታጩት መካከል አራት ልጆች ወጡባት። ስማቸውን ሰምቼው አላውቅም። አሳታሚ የላቸውም፤ ዘፈኑን የቀዱት በአንዷ ልጅ እናት ጓዳ ውስጥ ነው ተባለ። ካሜራው ዝቅ ብሎ ከፊታቸው ሲያልፍ የመድረኩ እግሮች በተራ ታዩ። ነጭ መስመር፣ ነጭ መስመር፣ ነጭ መስመር። የመጨረሻው፣ የግራው ጥግ፣ ምንም አልነበረበትም።

ባሌ ብድግ ሲል ሳፋው ተገለበጠ።

«ምን ነካህ?»

«አላጠበቅኩትም!» ፊቱ አመድ መስሏል። «ድምፅ ማጉያ እናንሳ ብለው ጠሩኝ፣ ተነሣሁ፣ በዚያው ረሳሁት።»

«ጠመኔው ለቆ ይሆናላ።»

«በእጄ ብቻ ነው ያስገባሁት፤ እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ከዘለሉበት ይፈታል።»

ለአለቃው ደወለ፤ አያነሳም። ደገመ፣ ሠለሰ። በዚያ ጩኸት ማን ስልክ ይሰማል? እኔ ለአዳራሹ ጥበቃ ደወልኩ፤ «እመቤት፣ ሥርጭት ላይ ነን» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። አዳራሹ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ማየት ብቻ ቀረን።

ግራው ጥግ ላይ የቆመችው ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ነበረች፤ ጫማዋን አውልቃ የወጣች ደልደል ያለች ልጅ። ዘፈኑ በቀስታ ጀመረ። ባሌ የብረት ሲጥሲጥታ እሰማለሁ ብሎ ድምፁን ጨመረው። እንደዚያ አድርገን ዘፈን አዳምጠን አናውቅም። ድራሙ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ ዘፋኟ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ ልጅቷ መቼ ወደ ጥጉ እንደምትራመድ አንድም አላመለጠን። መሃል ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ለአራት ምት ያህል ምንም የለም፤ ከዚያ አንድ ላይ ይዘላሉ። መጀመሪያ ሲዘሉ ዐይኔን ጨፈንኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ሲሉ ባሌ ክንዴን ጨመደደው፤ የጣቱ ምልክት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም። ልጅቷ ዘለለች። ከእግሯ ሥር ጣውላው ዝቅ ከፍ ሲል አየነው። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ልጆች ሊሞቱ ነው እያልኩ፣ ዘፈኑ እንዳያልቅ ፈልጌ ነበር።

አሸነፉ። ሽልማቱን ሊቀበሉ በደረጃው ሲወርዱ አንድ በአንድ ቆጠርናቸው፤ አራት።

በማግስቱ መድረኩን ሊያፈርስ ሄዶ ያንን ብሎን ያለ መፍቻ፣ በሁለት ጣቱ ፈታው። ለማንም አልተናገረም። ዘፈኑ ግን ቤታችን ገባ። ለዘፈን ደንታ የሌለው ሰውዬ ጠዋት ማታ ያስደምጠኝ ጀመር፤ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ላይ ያለው ጉርሻ አየር ላይ ይቀራል። የእኔም እንዲሁ።

ከአራት ወር በኋላ ልጆቹ የራሳቸውን ዝግጅት ሊያቀርቡ እዚያው አዳራሽ መጡ። ያንኑ ባለ አሥራ ስድስት እግር መድረክ ያቆመላቸው ባሌ ነበርና ይዞኝ ሄደ። ሰው ሳይገባ ቤዝ ተጫዋቿ በባዶ እግሯ መድረኩ ላይ ወጥታ የግራውን ጥግ እየረገጠች ትሞክረው ነበር።

«ጋሼ፣ የሽልማቱን መድረክ የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ» አለችው እየሳቀች። «ያን ቀን ወለሉ አብሮኝ ነበር የሚጨፍረው! ይሄ ግን ድርቅ አለብኝ። እንደዚያኛው ያድርጉልኝ።»

በሳቅ ቢያልፈው ብዬ ጎኑን ቆነጠጥኩት።

«አልጨፈረም፣ ልጄ» አላት። «የቆምሽበትን እግር ብሎን ሳላጠብቀው ረስቼው ነው።»

ሳቋ ቆመ። እግሯን አየች፤ ከዚያ ከሥሯ ያለውን ገደል። ከጫፉ ሸሸት አለች። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ዝምታ ከዚህ በጣም ያጥራል። ባሌ ትሰድበኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ እኔም እንዲህ ከምትቆም ትስደበው ብዬ ነበር።

በደረጃው ወረደች፤ መድረኩ ሥር ገብታ ቁጢጥ አለች።

«ያሳዩኝ።»

አጠገቧ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ነጭ መስመር በጣቱ እየነካ ቆጠረላት። አሥራ ስድስት ሲል ጣቱን ከግራው ጥግ መስመር ላይ አላነሳም።

«ይድገሙልኝ» አለችው።

ከአንድ ጀመረ።