እንሰቱ ሲደርስ እመጣለሁ

ከአገር ቤት በወጣሁበት ዋዜማ ማታ እናቴ ምን እንደሰጠችኝ ብነግራችሁ፣ እናንተ እዚያ ያላችሁት አትገረሙም፤ የካዛንቺስ የሥራ ባልደረቦቼ ግን እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። የሰው እናት ለመንገድ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች። የእኔ እናት እንሰት ነቅላ ሰጠችኝ፤ ከነሥሩ፣ በደረቅ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቁመቱ ከጉልበቴ የማያልፍ አንድ ችግኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ከእኔ ሌላ ልጅም የላትም። አብረን እንሂድ እያልኩ ስለምናት ነው የሰነበትኩት።

«እንሰት በሌለበት ቤት አልኖርም» አለችኝ። «ይህን ትከዪ። ሲደርስ እመጣለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ አልሳቀችም። እንሰት እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት እንደሚፈጅ እናንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ ቀጠሮ የሚሰጥ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቂርቆስ ስደርስ ክው ያልኩት በፎቁም በመኪናውም አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ምንም የለም። እኛ ዘንድ ቤት ማለት ከፊቱ ሜዳ፣ ከኋላው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ጎመኑ፣ ቡናው፣ ጌሾው ነው፤ ሰው ሲርበው ወደ ጓሮ ይዞራል። እዚህ ግን ከቤቱ ጀርባ የሌላ ሰው ቤት፣ ከዚያ ጀርባም የሌላ ሰው ቤት ነው። ይህ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚበላው እያልኩ የመጀመሪያውን ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ።

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሥራ አገኘሁና ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። ደላላውን ስለ ውኃ አልጠየቅኩትም፣ ስለ መብራት አልጠየቅኩትም፤ ግቢው አፈር አለው ወይ ነው ያልኩት። ሰውየው ሊሾ የተደረገ ግቢ እያሳየኝ «እህቴ፣ አፈር ሸሽተው እኮ ነው ሰዎች እዚህ የሚመጡት» ይለኛል። ከብዙ ልፋት በኋላ የጋሽ ሰይድን ግቢ አገኘሁ። ጋሽ ሰይድ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሚያከራዩዋት ክፍል በር አጠገብ ሲሚንቶው ያልደረሰባት አንዲት ጥግ ነበረች። ክፍሏን ሳላይ ጥጓን አይቼ እሺ አልኩ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉኝ።

«እንሰት ነው ጋሼ።»

«ሙዝ ነው እንጂ።»

«አይደለም። ፍሬው አይበላም።»

«ሙዝ ሲጀምር ሁሉም እንደዚያ ነው» አሉና አሰቡበት። «ትከዪው። ግን ሲያፈራ እኩል ነን።»

በዚህ ውል ገባሁ። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ መጥተው ይመለከቱታል፤ አላፈራም? ይሉኛል፣ አላፈራም እላቸዋለሁ፣ ፍግ አንሶት ነው ብለው ይሄዳሉ። ፍጉስ አላነሰውም። መስቀል ፍላወር ጀርባ ላም የሚያረቡ ሴት አሉ፤ ከእሳቸው እበት በፌስታል ይዤ ታክሲ እሳፈር ነበር። ረዳቱ ምንድን ነው የሚሸተው ሲል እኔም ከተሳፋሪው ጋር ዞር ዞር እያልኩ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ የጋሽ ሰይድ ልጅ የተመረቀች ቀን ነው። ጋሽ ሰይድ ክትፎ ጋበዙን። ቆጮውን እየጠቀለሉ፣ እኔ ክትፎውን የምወደው ለዚህ ብዬ ነው አሉ። ጋሼ፣ ይህ ቆጮ እኮ ደጃፌ ላይ ከቆመው እንሰት ነው የሚሠራው ስላቸው እጃቸው አፋቸው አጠገብ ቀረ።

«ቆጮ ከዱቄት አይደለም እንዴ?»

ግንዱ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ገብቶ፣ ከርሞ እንደሚወጣ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ሙዝ ቆጮ አይሆንም አሉ። ሰው ዕድሜ ልኩን የሚበላውን ነገር ደጁ ላይ አይቶ አያውቀውም? እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንድ የፋሲካ ዋዜማ ከሥራ ስመለስ እንሰቴ ራቁቱን ቆሟል። ያ ሁሉ ሰፊ ቅጠል የለም። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ለድፎ ዳቧቸው ኮባ ቆርጠው ወስደዋል፤ ሳይጠይቁ። ቅጠሉን ያጣ እንሰት እድገቱ ወደ ኋላ ይጎተታል፣ እድገቱ ከተጎተተ የእናቴ መምጫ ይርቃል። እኛ ዘንድ የሰው እንሰት የነካ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ይህን ማንም ያውቃል ብዬ በበዓሉ ማግስት ከካዛንቺስ ሦስት የአገራችንን አዛውንቶች ይዤ እትዬ አልማዝ በር ላይ ቆምኩ።

እትዬ አልማዝ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ሲያዩ ደነገጡ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። ያላገባች ልጅ አለቻቸው። ወንበር ተሰደረ፣ ልጅቷ ወደ ጓዳ ተባረረች፣ ዳቦው ተቆረሰ። ከዳቦው ሥር የእኔው ኮባ ተጣብቆ ቀርቷል። አዛውንቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ። የመጣነው ስለ ቅጠል ነው የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? መርቀው ወጡ። እኔን ግን መንገዱን ሙሉ ሲቆጡኝ ነበር። እትዬ አልማዝ ወሩን ሙሉ ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመለሱት እያሉ ጠየቁኝ፤ እውነቱን የነገርኳቸው ቀን ግን ያን ሁሉ ሳቅ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅጠል ሲፈልጉ እንኳ አስፈቅደው ነው።

እንሰቱ ግን አገገመ። እናቴ በደወልኩ ቁጥር ጤናዬን ሳትጠይቅ፣ ስንት ክንድ ሆነ? ትለኛለች። ቁመቱን እነግራታለሁ፣ እሺ ትለኛለች። እኔም ክፍሌን በመጋረጃ ከፍዬ ለእሷ አልጋ ዘረጋሁ። በዓል ሲመጣ አንሶላውን እየቀየርኩ ባዶ አልጋ አነጥፋለሁ። በጣም ትናፍቀኛለች፤ ይህን በስልክ ነግሬያት አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጋሽ ሰይድ በሬን አንኳኩ። «ነይ ውጪ፤ አላልኩሽም ነበር?» አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከቅጠሎቹ መሐል አበባው ወጥቷል። ሙዙ ሊያፈራ ነው እያሉ ጎረቤት ይጠራሉ። አበበ ማለት ደረሰ ማለት ነው። ቶሎ ካልተቆረጠ ደግሞ በሆዱ ያጠራቀመውን ሁሉ ለአበባው ሰጥቶ ይሞታል። ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አበበ።»

«አበበ?» አለችኝ።

«እንግዲህ ነይ። አልጋሽ ተነጥፏል።»

«የእኔም አብቧል» አለችኝ።

«የቱ?»

«አንቺ የሄድሽ ማግስት የተከልኩት፤ ያንቺው ችግኝ ወንድም። ሲደርስ ትመጣለች ብዬ ነው። ሴቶቹ እናግዝሽና ይፋቅ ይሉኛል፤ ልጄ ሳትመጣ አላስነካም ብያቸዋለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት ስንት ክንድ ሆነ ስትለኝ፣ ከራሷ እንሰት ጋር እያስተያየች ኖሯል። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷም እኔን ስትጠብቅ ነው የኖርነው፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

«እና ማን ይምጣ?» አለችኝ።

ውጭ ጋሽ ሰይድ ለእትዬ አልማዝ አበባውን ያሳያሉ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ እንሰቱ ወጣሁ፤ እሷም አልዘጋችም። እንሰት ካበበ ወዲያ እንደማይጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።