ከሠርጉ የተቆረጡት አባት

ሆሳዕና ከተማ ሠርግ መቅረጽ ቀላል ነው፤ ራስ የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንዷ ለቴሌቪዥን ትላለች፣ አንዱ ለስልክ፣ ሌላው "ደቡብ አፍሪካ ላለው ወንድሜ በቴሌግራም የሚሄድ አድርጊልኝ" ይላል። እያንዳንዱን ቪዲዮ ከፍቶ፣ ፎርማቱን መርጦ፣ እስኪያልቅ አፍጥጦ መጠበቅ... ኧረ በስንቱ! እኔ ላይ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አስተማርኩት። "ለስልክ" የሚል ፎልደር አለኝ፤ እዚያ የገባ ቪዲዮ ሁሉ ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀየራል፣ ይቀልላል፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች እንዲሞላም ግራና ቀኙ ይቆረጣል። እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ እሞቃለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው "አንቺማ ተኝተሽ መብላት ጀመርሽ" ይለኛል። "በቅናት እረር!" እለዋለሁ።

አንድ ቀን ሠርጓን ዶዮገና ሄጄ የቀረጽኩላት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። እሷ ዓይኗ አብጧል፤ እሳቸው ገና ከባጃጅ ሳይወርዱ ይጮሃሉ።

"በገዛ ልጄ ሠርግ ማነው ቆርጦ ያወጣኝ?"

"ማንም አልቆረጠዎትም አባባ!" ብዬ ቱግ አልኩ። ለስልክ የሰጠኋትን ከፈትኩት። ሙሽሮቹ አሉ፣ እናትየው ልጃቸውን አቅፈው አሉ፣ ኬኩ እንኳ አለ። አባት የሉም። ዋናውን ቪዲዮ ከፈትኩ፤ ካሜራ ስለሚያፍሩ ሁልጊዜ ዳር ቆመዋል፣ የመረቁትም ከዳር ሆነው ነው። ኮምፒዩተሬ ዳሩን ሙልጭ አድርጎ ጥሎታል። ክው አልኩ።

ለካ ጉዱ ሌላ ነው። ቪዲዮው የተላከለት ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሟ አባቱን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣቸው። ወደ እናቱ ደወለ። "አባትህ ደህና ነው፣ ገበያ ወጥቶ ነው" አሉት። እውነትም ገበያ ነበሩ። ግን እኛ አገር ለሞተ ሰውም የሚባለው ይኸው ነው፤ ባዕድ አገር ብቻውን ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ "ወጣ ብሎ ነው" ተብሎ ይደበቃል። ልጁ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። አባትየው ራሳቸው ቢያናግሩት እንኳ "አጎቴ ነህ፣ አታሞኙኝ" ብሎ ዘጋባቸው። መልካቸውን ካላየ አያምንም፤ እነሱ ሰፈር ደግሞ ኔትወርኩ ቪዲዮ አይችልም።

"ኑ ግቡ!" አልኩ። በሱቄ ዋይፋይ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ላለው የልጁ ጓደኛ በቪዲዮ ደወልን። ጓደኛው ስልኩን ወደ ልጁ አዞረው። ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፣ ጢሙ አድጓል፣ ያገሩ ልጆች ከበውታል። አባቱን አየ። ከዚያ "አባ! አባ!" እያለ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እኔ አለቀስኩ፣ እህቱ አለቀሰች፣ ያ ቀልደኛ ልብስ ሰፊ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል።

አባትየው ግን እንባ ጠብ አላላቸውም። "አለሁ። በቃ፣ ተነስና ሱቅህን ክፈት" አሉት።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከወንበሩ አልተነሱም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ከሄደ ጀምሮ የሚደውለው ለእናቱ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ብሞት የሚያለቅስልኝ አይመስለኝም ነበር።"