ወደ ዘሩ የተመለሰው ባቄላ

ኬንያ፣ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በምኖርበት ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ሱዳናዊት ናት። ከካርቱም ከመጣች መንፈቅ አይሞላትም። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳችና፣ "ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ መነጋገር ታውቃለህ። ልጄን ሁለት ክፍል ዝቅ ሊያደርጓት ነው" አለችኝ። ለሥራ ካርቱም ስመላለስ የቃረምኩት ዐረብኛ ለዚህ አያንስም ብዬ ተከተልኳት።

ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ፣ ሃይማኖቱንና ታሪኩን በዐረብኛ ያስተምራል። ልጅቷ ዝቅ ካለች ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ልትቀመጥ ነው። "ከእሱ ጋር ከምማር ቤት እውላለሁ" አለችኝ መንገድ ላይ። ፊቷን አየሁት፤ ቀልድ የለበትም።

የባዮሎጂ መምህሩ ኬንያዊ ነው፤ ጨዋ ሰው። "እንግሊዝኛ ያልጠናባቸው ልጆች እንዳይጎዱ ብዬ የመግቢያ ፈተናውን በሥዕል ብቻ አዘጋጀሁት" አለና ወረቀቷን ዘረጋልኝ። በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር አራት ባዶ ሣጥኖች በተርታ ተሰምረዋል፤ እሷ የእድገቱን ደረጃ በተራ እየሳለች ሞልታቸዋለች።

"ይዩልኝ እንግዲህ። ባቄላው ቅጠል አውጥቶ ይጀምርና ዘር ሆኖ ያርፋል። ቢራቢሮዋም ተመልሳ እንቁላሏ ውስጥ ትገባለች። ሥዕሏ ያምራል፤ ግን እንዴት ላሳልፋት?"

አየሁ፤ እውነቱን ነው። ሰነድ ሁለቴ ማንበብ የሙያ ልማዴ ስለሆነ ደግሜ አየሁ። ባቄላው አሁንም ወደ ኋላ ያድጋል። ለእናትየው ምን እንደምላት ማሰብ ጀመርኩ።

የዐረብኛ መምህሯ ሻይዋን ይዛ በኋላችን ስታልፍ ቆም አለች። "ጎበዝ ናት። ምን ጎደላት?"

"ምዋሊሙ፣ እናንተ አገር ባቄላ ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚያድገው?" አላት መምህሩ። ምዋሊሙ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው፤ እርስ በርስ የሚጠራሩት እንዲያ ነው።

"አንተ ከየት ጀምረህ ነው የምታየው?" ጣቷን ቀኝ ጫፍ ላይ አሳረፈች። ዘር፣ ሥር፣ ቡቃያ፣ ቅጠል። "ዐረብኛ የለመደ እጅ በዚህ በኩል ነው የሚጀምረው።"

"ከቀኝ ነው፣ ቲቸር" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ በእንግሊዝኛ።

መምህሩ ዜሮዎቹን ሰረዘና ከእኩዮቿ ጋር መደባት። እናትየው በዐረብኛ ስትመርቀው ግን አልሰማትም። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ ካለፈው ተርም ጀምሮ ያረማቸውን የመግቢያ ፈተናዎች ጠረጴዛው ላይ ይቆልል ነበር።

"ምዋሊሙ፣ ሻይሽን እዚሁ ጠጪው" አላት። "ዝቅ ያደረግኳቸው ሌሎች ስድስት አሉ።"