አለቃ የሌለው ማኅበርና የታይፒስቷ ክፍተት

ማኅበሩ ሲመሠረት የተነገረውን ብትሰሙ ኖሮ ዓለም በማግስቱ የምትገለበጥ ይመስላችሁ ነበር። ከእንግዲህ የሰው ቃል በማንም ኩባንያ ጓዳ አይታጎርም፤ ይህን አሳይ ያንን ደብቅ የሚል አለቃ አይኖርም። እያንዳንዱ አባል በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፣ የሚለውን በአንድ አንድ መስመር ይጽፍበታል፣ የቀሩትም በየቤታቸው ባለች ትንሽ ፕሮግራም ፋይሉን እየጎበኙ ያነባሉ። በቃ። ሥዕል የለም፣ የመውደድ ምልክት የለም፣ መሐል ላይ የተቀመጠ ጌታ የለም። እንዲህ ብሎ ያወጀው አንድ ራሰ በራ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። አለቃ የለንም የሚለውን ከመደጋገሙ የተነሣ አባላቱ ሊቀ መንበር ብለው ሰየሙት፤ እሱም ስሙን እየተቃወመ ለመደው።

አብዮቱን የተከተለው ሰፊ ሕዝብ በአንድ ሚኒባስ ቢጫን ወንበር ይተርፈው ነበር። የሚጽፉትም ስለዚያው ስለ አጻጻፋቸው ነው፦ ፕሮግራሜ ዛሬ ሠራ፤ ፕሮግራሜ ዛሬ እንቢ አለ፤ የማን ፋይል ነው ያልተከፈተው። ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆይቶ ሳይዘፍን ከመድረክ የሚወርድ ዘፋኝ አይታችሁ እንደሆነ፣ እነሱን አይታችኋል።

ከነዚህ መሐል ታይፒስቷ ነበረች። ዕድሜዋን በማተሚያ ቤት የሰው ሐሳብ ስትመታ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ ምላሷ ከጣቷ የማይዘገይ ሴት ናት። ወደ ማኅበሩ የሳባት አራሚው ነው፤ በዚያው ማተሚያ ቤት ከጎኗ ተቀምጦ የመታችውን ሁሉ በቀይ ሲያቆስል የኖረ ሰው። ሁለቱም ጡረታ ወጥተው በከተማው ወዲህና ወዲያ ጫፍ ሲቀሩ ጠባቸውን በፋይል ቀጠሉት። እሷ አንድ መስመር ትወረውራለች፣ እሱ አንድ ይመልሳል፤ የዕለት ጉርስ ሆኗቸው ነበር።

መጀመሪያ የተጫነላት ፕሮግራም ቀኑንና ሰዓቱን ራሱ እየሞላ ያስገባላት ነበር። አንድ ቀን መጻፊያው ተበላሸ፤ የሌሎቹን ማንበቢያው ግን ደኅና ነበር። ተራ ጽሑፍ ከሆነ ማን ከልክሎኝ አለችና ፋይሉን ከፍታ በእጇ መምታት ጀመረች። ቀኑን መታች፣ ክፍተት ተወች፣ ቃሏን መታች፦

«ማክሰኞ የአንድ አይኔን ሞራ ሊገፍፉልኝ ነው፤ የሌላው ይቀጥላል። አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ።»

ማንም አልመለሰም። በማግስቱ ምናልባት አላያችሁትም ብላ ደገመች። አሁንም ዝም። ለምን ስልክ አልደወለችም የሚል አንባቢ ካለ ኩሩ ሰው ገጥሞት አያውቅም። በአደባባይ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው በየጓዳው እየዞረ አይለምንም። ማክሰኞ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ በአንድ ዐይኗ የመታችው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ነርሷ አስታማሚዎ የት አለ አለችኝ። ውጭ እየጠበቀኝ ነው አልኳት።»

ከዚያ በኋላ ምላሷ ልጓም በጠሰ። ስለ ሊቀ መንበሩ፣ «አለቃ የለም እያለ ያዘናል፤ ቢኖርማ ምን ሊያደርገን ነበር» ብላ ጻፈች። ስለ አራሚው ደግሞ፣ «የሰው ፊደል ሲያርም ኖሮ የራሱን ጠባይ ሳያርም ጡረታ ወጣ» አለች።

በወዲያኛው ወገን ግን ታይፒስቷ መጻፍ አቆመች ነው የሚባለው። አራሚው በየጠዋቱ ያያል፣ የለችም። ምን ሆና ይሆን ብሎ በስልክ ቢጠይቅ ሊቀ መንበሩ የመናገር ነጻነት ያለው ሰው የዝምታም ነጻነት አለው ብሎ አስተማረው። ያማረ አባባል ነው። ይህን የመሰለ አባባል ተከናንቦ ስንቱ ብቸኛ ሰው ማንም በሩን ሳያንኳኳ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ከርሟል። አራሚውም ሰልችቻት ነው ብሎ ተቀየመ፣ በቅያሜውም ኮራ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሊቀ መንበሩ ከፋርማሲ ስትወጣ አገኛት፤ ጥቁር መነጽር አድርጋለች።

«እትዬ፣ ጠፉ እኮ። እንዲህ ዝም ይሉናል?»

«እኔ ነኝ ዝም ያልኩት?» አለችው። ቀጥላም ክንዱን ይዛ ቤቷ ወሰደችው።

ፋይሉን ከፈተ። ቀኑ አለ፣ ቃሉ አለ፣ በመሐላቸውም ክፍተቱ አለ። ጠቋሚውን በክፍተቱ ላይ ቢያስኬደው፣ በአንድ ዝላይ መሻገር ሲገባው ዳዴ እንደሚል ልጅ አንድ አንድ እያለ ተራመደ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ታብ አይደለም። ባዶ ቦታ ነው የደረደሩት።»

«ሁለቱም ባዶ አይደለም እንዴ?»

ለዐይን ልዩነት የላቸውም፣ ለታመመውም ለዳነውም። ፕሮግራሙ ግን በቀኑና በቃሉ መሐል አንዲት የታብ ምት፣ ያችን በአንድ ዝላይ የምታሻግረውን ቁልፍ፣ ካላገኘ መስመሩን እንዳልተጻፈ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ አለፍኩትም አይልም። እሷ ደግሞ ጣቶቿን የገራችው ታቡ በተሰበረ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ላይ ነበር፤ ክፍተት ሲያስፈልጋት የባዶ ቦታውን ቁልፍ መደብደብ ነው ልማዷ። ጌታ የለንም ያለው ማኅበር ጌታው ተገኘ፦ የማይታይ፣ የማይሰማ፣ ይግባኝ የማይባልበት።

ሊቀ መንበሩ በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ላስተካክለው ብሎ እጁን ሲሰድ ያዘችው። ተወው፣ ራሴ አደርገዋለሁ አለች። እሱም ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ ኖሮ ቶሎ ተሰናበተ።

ብቻዋን ቀረች። ታቡ ከገባ ያ ሁሉ የከረመ ቃል ባንዴ በየቤቱ ይዘረገፋል። ፋይሉ የሷ ነው፤ የማትፈልገውን ብታጠፋ ከልካይ የለባትም። አራሚውን የሰደበችበትን መስመር አጠፋች። ከዚያ የቀረውን አነበበች፦ አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ። ምናልባት አላያችሁትም። ውጭ እየጠበቀኝ ነው አልኳት። ስድቡ ሲነሣ ልመናው ብቻውን ራቁቱን ቆመ። ልመናውንም ብታጠፋው ደግሞ ያ ማክሰኞ አልነበረም ማለት ነው። ብዙ ከተቀመጠች በኋላ ስድቡን ቃል በቃል መልሳ መታችው፣ በየመስመሩም ታቡን አስገባች።

ሊቀ መንበሩ ወዲያው ስለ ታብ አጠቃቀም የተራዘመ ትምህርት ለቀቀ። አንዱ አባል ማዘኑን ገለጸ፤ አንዱ ተሰደብን ብሎ ከሚያነባቸው ሰዎች ውስጥ ሰረዛት። ከአራሚው ግን ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት ስትከፍት እጇ ይከብዳት ጀመር፤ ሌሎቹ ቢቀሩ ይቀሩ፣ እሱን ግን በገዛ ጣቷ አባርራው እንደሆነ ልታውቅ ፈርታለች። ቀናት ካለፉ በኋላ በእሱ ፋይል ላይ ሁለት መስመር ተገኘ፦

«‹ዐይን› የሚጻፈው በዐይኑ ‹ዐ› ነው እንጂ በአልፋው አይደለም።»

«ሁለተኛው መቼ ነው?»

ታይፒስቷ ኮምፒውተሩን ትታ ስልክ አነሣች።

«ሐሙስ» አለችው፣ ያለ ሰላምታ። «በጠዋት ነው። ከተኛህ አልጠብቅህም።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ሰው ጠብቀሽ ታውቂያለሽ። ቤት ልምጣ?»

«ና።»

ያን ሁሉ ዘመን ከጎኗ የተቀመጠ፣ ከዚያም ቀን በቀን የፋይሏን አድራሻ ሲጎበኝ የኖረ ሰው ነው።

«ግን ቤትሽ የት ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እርሳስ ያዝ» አለችው። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ስትታጠፍ…»