የታፈረ ውሸቶች

ደባሱ ላሊበላ ላይ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት ቤት ነበረው። ሥራው ግን ምንድን ነው ብትሉኝ ክርክር ነው እላችኋለሁ። ጠዋት የቄሶቹን መታወቂያ ያባዛል፣ ለፈረንጁም ለተማሪውም ኮምፒውተር ያከራያል፣ ከዚያ እጁን አፍተልትሎ «የላስታ ጉድ» የሚባለው የፌስቡክ ቡድን ውስጥ ጥልቅ ይላል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ገደማ ነው። ቡድኑ ውስጥ ፖለቲካ ክልክል ነበር፤ ስለ መንግሥት ተከራክሮ ቤቱ በሰላም ማደሩን ማንም እርግጠኛ አልነበረማ! ስለዚህ የላስታ ልጅ ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ተጠራርቶ በቀጭኔ አንገት ይጣላል።

«ይህን ያውቁ ኖሯል? የቀጭኔ የአንገት አጥንት ብዛቱ ከሰው እኩል ነው» ይላል አንዱ። በቃ፣ አገር ይነሣል። «አንተ ደግሞ የትኛዋን ቀጭኔ አጋድመህ ቆጠርክ?» ይላል ሌላው። የፍየል የዓይኗ ብሌን ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው የተባለ ቀንማ አይነሣ! አንድ የጋሸና ሹፌር የጭነት መኪናውን መንገድ ዳር ገትሮ፣ ዓይኗን ሊያይ ፍየል ሲያባርር ፎቶ ተነሥቶ ተለጠፈ።

ደባሱ ይስቃል፤ አንዳንዴ ሲስቅ ግን አንገቱን ዞር አድርጎ ከኋላው ያያል። ይህን ጨዋታ ያስለመደው ታላቅ ወንድሙ ታፈረ ነበር። ታፈረ በጅቡቲ አድርጌ ሳውዲ እገባለሁ ብሎ፣ ከቤተሰቡ ተኳርፎ ወጣ። አንድ ጊዜ ከባሕሩ ዳር ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ዓመታት አለፉ። እናታቸው ብርቅዬ ግን ሞቷል የሚል ሰው ደጇን አታስረግጥም። ጎረቤት «ኧረ እባክሽ ፍትሐቱ ይደረግለት፣ ተዝካሩም ይውጣለት» ሲላት፣ «ልጄን በቁሙ ልትቀብሩት ነው? ውጡልኝ!» ትላለች። ደባሱ በልቡ ወንድሙን ከቀበረው ቆይቷል፤ እሷ ፊት ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አንድ ከሰዓት «ደገኛው» የሚባል፣ መልኩን ያላሳየ ሰው ቡድኑ ውስጥ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ይህን ያውቁ ኖሯል? አሸተን ማርያም ተራራ ላይ ወጥቶ የጮኸ ሰው የገደል ማሚቶውን የሚሰማው በሦስተኛው ቀን ነው።»

ሰው በሳቅ ሞተ። «ማሚቶውም እንደ ኔትወርካችን ሆነ እንዴ?» ያለም ነበር። ደባሱ ግን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበው። ያንን ውሸት የፈጠረው ታፈረ ነው፤ የፈጠረውም ለእሱ ብቻ ነው። ደባሱ በልጅነቱ ተራራው ላይ ወጥቶ ስሙን ጮኸ፤ ማሚቶውም ወዲያው መለሰለት። ታፈረ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ የራስህን ድምፅ ገና ወደፊት ነው የምትሰማው ብሎት፣ ሞኙ ደባሱ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ተራራው አድርጎ ጠበቀ።

ደባሱ «ውሸታም! ማሚቶ ወዲያው ነው የሚመለስ» ብሎ ጻፈ።

ደገኛው መለሰ፤ «ወዲያው የሰማኸው ከሦስት ቀን በፊት የጮኸውን ሰው ነው። ያንተ ገና ነው።»

ቃሉ የታፈረ ነው! አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ደባሱ ቤቱን ሳይዘጋ፣ ደንበኞቹን እዚያው ጥሎ ቁልቁል ወደ ቤቱ ሮጠ። «እማዬ! ታፈረ አለ! ታፈረን አገኘሁት!» አላት። ብርቅዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ በእጇ ያዘችው፤ ሰው ዓይን እንዳያገባበት ፈርታ። ከዚያ መሬት ስማ ተነሣች።

ደባሱ ደገኛውን «ታፈረ ነህ ወይ?» ብሎ በቀጥታ አልጠየቀውም። እንደ ብዙ ስደተኛ በሰው አገር በሐሰት የዓረብ ስም የሚኖር ሰው፣ ያውም አኩርፎ የሄደ፣ ቢጠይቁት ይሸሻል ብሎ ሰጋ። ስለዚህ ሳምንታት ሙሉ ተከራከረው። ማታ ቤት ሲገባ እናቱ ገና ከበር ትይዘዋለች።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም አለ።»

«ውይ በሞትሁት! ይሄን ማን አጣው? አገር ሲርቀው ላም ረስቶ ነዋ!» እያለች ትስቃለች። እሷ ስትስቅ ካየ ዘመን የለውም። የታፈረን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ አጠበች። ለአሸተን ማርያም የተሳለችውን ጥላ ገዝታ አስገባች። ጎረቤቱም «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ መጣ።

ደባሱ ግን ቀን በቀን እየፈራ ሄደ። ደገኛው ስለ ፍየል ይጽፋል፣ ስለ ጅብ ይጽፋል፤ ስለ እናቱ አንድ ቀን አልጠየቀም። ታፈረ ደግሞ እናቱን ሳይጠይቅ ውሎ የሚያድር ሰው አልነበረም። የማውቀው ድምፅ ከማላውቀው ሰው አፍ ይወጣል እያለ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ብቻውን ሲቀመጥ ይበርደው ጀመር።

አንድ ቀን ከደገኛው በውስጥ መስመር መልእክት መጣለት፤ «ሦስት ቀን የጠበቀው ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ! ታፌ፣ እኔ ነኝ፣ ደባሱ! እማዬም በሕይወት አለች!»

ከዚያ ረጅም ጽሑፍ መጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ እሱ አይደለሁም። ጀውሀራ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ሴት ነኝ። ባሕሩን ከወንድምህ ጋር በአንድ ጀልባ ነው የተሻገርነው። ለደላሎቹ ጀማል ነኝ ብሏቸው ስለነበር እኔም በሌላ ስም አላውቀውም። የመን በረሃ ላይ ውሃ ሲያልቅብን፣ የተኛ ሰው አይነሣም ነበርና፣ እንዳንተኛ እነዚህን ነገሮች እያወራ ያከራክረን ነበር። እኛን አትርፎ እሱ ተኛ። ‹ፍትሐት አስደርጊልኝ› አለኝና አንደበቱ ተያዘ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን አደራ በልቼ እንዴት እኖራለሁ? አገሬ ስመለስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሄጄ ጠየቅሁ። ቄሱ ‹የክርስትና ስሙን አምጪ፣ ማን ብለን እንፍታው?› አሉኝ። የላስታ ሰው መሆኑንና ወሬዎቹን እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ? የሚያውቃቸው አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ እየጻፍሁ ጠበቅሁ። እንዳትቀየመኝ። በሕልሜ እየመጣ አላስተኛ አለኝ። በአላህ፣ የክርስትና ስሙን ንገረኝ።»

ደባሱ እንባው ጠብ ሳይል ተነሣ። የወንድሙን የክርስትና ስም አያውቀውም። ብርቅዬ ከታፈረ በፊት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ሞተውባት ስለነበር፣ የእሱን ስም መተተኛ እንዳይሰማው ብላ ከነፍስ አባቷ በቀር ለማንም አልነገረችም። የነፍስ አባቷ ሞተዋል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ነገሩን ሁሉ ልንገራት ብሎ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ደጅ ላይ ጋቢውን ስታጥፍ አገኛት። ጉንጯ ሞላ ብሎ፣ ፊቷ የልጅ ፊት መስሏል።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«እማዬ...» አለ፤ ዓይኑ ጋቢው ላይ አረፈ። «የክርስትና ስሙን ጠየቀ።»

ብርቅዬ ጋቢውን ጣለችው። «ቄስ አግኝቷል በለኛ!»

«አዎ እማዬ። ቄሱ ናቸው የጠየቁ።»

«ስሙን ጠርተው ሊጸልዩለት ነዋ! ወይ ልጄ፣ በዓረብ ስም ሲጠሩት ኖረው አስረሱት!» ያን ሁሉ ዘመን የደበቀችውን ስም ጎረቤት እየሰማ ጮክ ብላ ጠራችው። «ገብረ ሊባኖስ በለው! ገብረ ሊባኖስ! ቶሎ ጻፍለት፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ደባሱ እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ለጀውሀራ ጻፈ። እናቱ ማንበብ አትችልም፤ ግን ትከሻው ላይ ተንጠራርታ ጣቱን ታያለች።

«ላክኸው?»

«ላክሁት።»

«ደረሰው?»

«ደረሰው፣ እማዬ» አላት።